ሕግና ሥነ ልቦና በአንድ ላይ፦ የእህቴ ልጅ ጥያቄና የእኔ መልስ

የዛሬ ሁለት ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የቤታችን ሰው ሁሉ ተኝቷል። በአገልጋይ ቤት በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ አንድም የለቅሶ ነው፣ አንድም የተጣሉ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ይሄኛው ግን ከሜልበርን ከተማ፣ ከአውስትራሊያ ነበር። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ሲገፋ እነርሱ ዘንድ የማግሥቱ ማለዳ ነው። የደወለችው የእህቴ ልጅ ናት።

«አክስቴ፣ ተኝተሽ ነበር? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ መጣ። ሕግና ሥነ ልቦና አንድ ላይ የሚሰጥበት ትምህርት ሊደርሰኝ ይችላል። አባዬ ደስታውን አልቻለውም፤ እማዬ ደግሞ ታለቅሳለች። ምርጫዬን ለመቀየር የቀረኝ ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

አባትየው ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። የሚኖሩት ፉትስክሬይ ከሚባለው፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በብዛት ከሚገኙበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። እርሱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሁለት ዲግሪ» የሚለውን። ልጄ በአምስት ዓመት ጠበቃም ሳይኮሎጂስትም ትሆናለች ብሎ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ደውሏል። እህቴ ደግሞ የሰማችው ሌላ ነው። በጸሎት ቡድኗ ያለች አንዲት እናት «ሥነ ልቦና ልጆችን ከእምነት ያወጣል፤ ሕጉን ብቻ ትማር» ብላታለች። ልጅቱ በሁለቱ መካከል ቆማ ነው የደወለችልኝ።

«ሁለት ቀን ስጪኝ» አልኳት። መልስ አጥቼ አልነበረም። ለእርሷም ሆነ ለእናቷ ያልነገርኳቸው አንድ ጉዳይ ነበረኝ። መልሴን ከዚያ ጉዳይ ለይቼ መስጠት አልቻልኩም። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈውም የልጅቱን እናት አስፈቅጄ፣ ሰዎቹን ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ቀይሬ ነው።

ካውያው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምዕመናኖቻችን አንዷ የሰባት ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጣች። የልጅቱ ክንድ ላይ የተቃጠለ ቁስል አለ። እናት ሥራ ስትውል ልጅቱ የምትቀረው እቤት ከሚኖረው አጎቷ ጋር ነው። ልጅቱ አትናገርም። እናትየው «እርስዎ ልጆች ይወድዎታል፤ እስቲ ያናግሩልኝ» አለችኝ።

እኔም አናገርኳት። ብስኩት ሰጠኋት፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ከዚያም «አጎትሽ ነው አይደል?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። የቁስሉ ጫፍ ሾል ያለ ስለ ነበር «በካውያ ነው አይደል?» አልኳት። አሁንም ነቀነቀች። «እማዬ ሥራ ስትሄድ ነው አይደል?» ነቀነቀች። በዚያ ሳምንት ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ አንዱን ጊዜ የሴቶች ኅብረት መሪዎች ባሉበት ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ልጅቱ ራሷ «በካውያ አቃጠለኝ» አለች። እግዚአብሔር አፏን ከፈተላት ብዬ አመሰገንኩ።

ጉዳዩ ወደ ፖሊስ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ልጅቱ ቃሏን የሰጠችው ለሕፃናት ተብሎ በተዘጋጀ ለብቻው በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። አሻንጉሊት አለ፣ አጠገቧ አንዲት ባለሙያ ተቀምጣለች፣ ዳኞቹና ጠበቃው በካሜራ ያዩዋታል፤ ተከሳሹን ግን እርሷ አታየውም። ጥያቄው ሁሉ የሚደርሳት በባለሙያዋ በኩል ነው። ይህን ሳይ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የሐኪሙ ማስረጃ ቁስሉ በጠባብ የጋለ ብረት የደረሰ እንደሆነና የካውያ እንደማይመስል ይገልጻል። ልጅቱ ደግሞ ካውያ ብላለች። የተከሳሹ ጠበቃ ብዙ አልደከመም። «ካውያ መሆኑን መጀመሪያ የነገረሽ ማነው?» የሚል አንድ ጥያቄ አስጠየቀ።

«የፓስተሩ ሚስት» አለች።

ሰውየው በነፃ ተሰናበተ። እናትየዋ ልጇን ይዛ ሰፈር ለቀቀች። ዳኞቹን አልወቅስም፤ በእነርሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠራጠር ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ስታሰናብተኝ በትሕትና «እርስዎ ባይጠይቋት ይሻል ነበር። ከጠየቋትም ‹ምን ሆንሽ?› ብለው ዝም ማለት ነበር» አለችኝ። ያደረገው ያ ሰው ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ልጅቱን የጎዳትም ይኸው የእኔ እርግጠኝነት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የምክር አገልግሎት ኮርስ ተምሬአለሁ። ሰውን በትዕግሥት ማዳመጥ፣ አለመፍረድ፣ ምስጢር መጠበቅ፣ እነዚህን ሁሉ ተምሬአለሁ። ከልጅ አፍ የምሰማው ቃል ነገ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ግን የነገረኝ አልነበረም። የሕግ ሰው ብሆን ኖሮ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ፣ የራስን ምስክር አይጠየቅም የሚለውን ደንብ አውቅ ነበር። ይህ ደንብ ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ በአገራችንም አለ። የሥነ ልቦና ሰው ብሆን ደግሞ ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ፣ በልጅቱ አእምሮ ውስጥ ምን እንደተፈጸመ አውቅ ነበር። እኔ አንዱንም አላውቅም ነበር። እንግዲህ የእህቴ ልጅ «ሁለቱን አንድ ላይ ልማር ወይ?» ስትለኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው የአባቷ ሁለት ዲግሪ ሳይሆን ያ ካውያ ነው።

ምስክር ሲሳሳት

ከዚያ ጉዳይ በኋላ በዚህ ነገር ላይ ያገኘሁትን ማንበብ ጀምሬአለሁ። ከሁሉም የመታኝ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ነው። ለ45 ተማሪዎች የመኪና አደጋ የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞችን አሳዩና «መኪኖቹ … ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። በባዶው ቦታ ላይ የሚገባው ግስ ብቻ ነው የሚለያየው። «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በአማካይ ወደ 32 ማይል በሰዓት ገመቱ፤ «ሲመታቱ» የተባሉት 34፤ «ተላትመው ሲደቅቁ» የተባሉት ግን ወደ 41። ያዩት አንድ ዓይነት ፊልም ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ይብሳል። 150 ሰዎች ፊልም አይተው ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት የለም። «ሲመታቱ» በሚለው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 7ቱ «አይተናል» አሉ። «ተላትመው ሲደቅቁ» ከተባሉት 50 ግን 16ቱ አይተናል አሉ። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ የሰባት ዓመት ሕፃናት አይደሉም። ማንም ብስኩት ሰጥቶ ጭኑ ላይ አላስቀመጣቸውም።

ይህ ከክፍል ውጭ ምን እንደሚያስከትል የሮናልድ ኮተን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ጄኒፈር ቶምፕሰን የተባለች ተማሪ በቤቷ ውስጥ ተደፈረች። በሕይወት ብተርፍ እንድለየው ብላ የሰውየውን ፊት ለማስታወስ አጥብቃ ተመለከተች። በኋላ በፎቶግራፍም፣ በአካል ከተሰለፉት ሰዎች መካከልም ሮናልድ ኮተንን ለየች። አልዋሸችም፤ እርግጠኛ ነበረች። ኮተን ከአሥር ዓመት በላይ ከታሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በተደረገ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ድርጊቱን የፈጸመው ሌላ ሰው መሆኑ ታወቀ። ሁለቱ በኋላ ታርቀው ታሪካቸውን በአንድ መጽሐፍ ጻፉ።

አውስትራሊያም የራሷ ታሪክ አላት፤ ለእህቴ ልጅ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። ዶናልድ ቶምሰን የማስታወስ ችሎታን የሚያጠና የታወቀ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፤ ደግሞም ጠበቃ ነው። በ1970ዎቹ ውስጥ በአንድ የመድፈር ወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ፤ ተጎጂዋ ሴትም ለየችው። እርሱ ግን ወንጀሉ በተፈጸመበት ሰዓት በቀጥታ በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ነበር። በኋላ እንደ ታወቀው ሴቲቱ ጥቃቱ ሲደርስባት ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር፤ ያየችውን የቶምሰንን ፊት ከአጥቂው ፊት ጋር አንድ አደረገችው። ቶምሰን በፕሮግራሙ ላይ የሚናገረው ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ዓይን ምስክሮች የማስታወስ ችሎታ ነበር።

እውነተኛ ሰው በእውነት ሊሳሳት ይችላል። ሕግ ምስክርን «እውነተኛ» ወይም «ሐሰተኛ» ብሎ ለመክፈል ይቸኩላል። በመካከል ያለውን ይህን ሦስተኛ ዓይነት ሰው የሚያሳየው ሥነ ልቦና ነው።

ሁለት ትምህርት፣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ

ሁለቱ ትምህርቶች አብረው መማራቸው ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ስለ ሰው ነውና። የእህቴ ልጅ ግን በመጀመሪያው ዓመት የገጠማት ተቃራኒው ነው። ሕግ የሚፈልገው መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ ያውም በቀጠሮው ቀን። ዳኛ «መረጃው ገና ነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይጣራል» ብሎ ሰውን ሊያሰናብት አይችልም። ሥነ ልቦና ደግሞ «በዚህ ሁኔታ፣ በዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ፣ ይህን ያህል ዕድል አለ» እያለ ነው የሚናገረው። ጠዋት በሕግ ክፍል አንድን ወገን ይዛ እንድትሟገት ታዘዛለች፤ ከሰዓት በኋላ በሥነ ልቦና ክፍል ወገን መያዝ ነውር ነው። የመጀመሪያዋ የቤተ ሙከራ ሪፖርት «እንደ ጠበቃ ጽፈሻል» ተብሎ እንደ ተመለሰላት እየሳቀች ነገረችኝ። ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም፤ ማርክ ተቀንሶባታል።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ወንጀል ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ዳንኤል ምናግተን የተባለ ሰው በለንደን የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ ተኩሶ ገደለ። ሊገድል ያሰበው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነበር ይባላል፤ የሚያሳድዱት መስሎት ነው። በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲባል አገሩ ተናወጠ። ዳኞቹ ለፓርላማ ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠየቁና መለኪያ አወጡ፦ ሰውየው የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ስሕተት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? ይህ መለኪያ እንግሊዝ ከገዛቻቸው አገሮች ወደ ብዙዎቹ ተሻገረ። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ ቢተካም መሠረታዊው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያው ነው። ባለሙያው ግን «ያውቅ ነበር ወይ?» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው መልስ «በከፊል» የሚል ነው። ፍርድ ቤት በከፊል ለሚለው ቦታ የለውም። ሁለቱን የተማረ ሰው አንዱን ቋንቋ ለሌላው መተርጎም ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው የምስጢር ጉዳይ ነው፤ እኛን አገልጋዮችንም ይነካል። ጠበቃ ደንበኛው ስላለፈው ድርጊቱ የነገረውን መጠበቅ አለበት። ሳይኮሎጂስትም ምስጢር ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሕፃን በጽኑ እየተጎዳ ነው ብሎ በምክንያት ካመነ በቪክቶሪያ ሕግ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ በተመዘገቡ ሳይኮሎጂስቶች ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በማግሥቱ ዓመት በ2020 ደግሞ በሃይማኖት አገልጋዮች ላይ ተደረገ፤ በኑዛዜ የተነገረም ቢሆን አልቀረም። ባለቤቴ ሜልበርን ቢያገለግል ኖሮ ግዴታው ይመለከተው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሙያ በአንድ ራስ የያዘ ሰው ፊት አንዲት እናት ተቀምጣ ብትናገር፣ የምትናገረው ለጠበቃዋ ነው ወይስ ለሳይኮሎጂስቷ? መጀመሪያ ሳይለይ ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። የእህቴ ልጅ አንድ መምህር «ሁለት ባርኔጣ ይኖራችኋል፤ ራሳችሁ ግን አንድ ነው» ብሎ እንዳስጠነቀቃቸው ነግራኛለች።

አባትየው ያልሰማው

አሁን ወደ አባትየው «በአምስት ዓመት» ልመለስ። ይህን ጉዳይ ከልጅቱ ጋር በስልክ አንድ በአንድ ቆጥረነዋል። ልጆቻቸው በዚያ አገር ያሉ አንባቢዎችም ቢያውቁት ይጠቅማል።

ጥምር ዲግሪው በሙሉ ጊዜ ተማሪ አምስት ዓመት ያህል ይወስዳል። በሕጉ በኩል የአገሪቱ የጠበቆች መቀበያ ደንብ የሚጠይቃቸው አሥራ አንድ የግዴታ የትምህርት ዘርፎች አሉ። የወንጀል ሕግ፣ ውል፣ ንብረት፣ ሕገ መንግሥት፣ የማስረጃ ሕግና የመሳሰሉት ናቸው፤ ደንቡ ሲወጣ ኮሚቴውን በመሩት ዳኛ ስም «የፕሪስትሊ አሥራ አንዱ» ይባላሉ። እነዚህን ጨርሶም ሰው ጠበቃ አይሆንም። የተግባር ሥልጠና ወስዶ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፊት መቀበል አለበት። ቢሆንም መንገዱ አጭር ነው።

ረጅሙ የሥነ ልቦናው ነው። በጥምር ዲግሪው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው የሦስት ዓመት ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ አራተኛ ዓመት፣ ኦነርስ የሚባለው፣ አለ፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ በማርክ መወዳደር ይጠይቃል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እርሱን ጨምረው ጥምሩን ስድስት ዓመት ያደርጉታል። ከአራተኛው ዓመት በኋላ ወይ የሁለት ዓመት ማስተርስ፣ ወይ የአንድ ዓመት ማስተርስና የአንድ ዓመት የሥራ ላይ ልምምድ ይቀራል። ቀድሞ ከአራት ዓመት ትምህርት በኋላ ሁለት ዓመት በሥራ ላይ ሠልጥኖ መመዝገብ ይቻል ነበር፤ ያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአዲስ ገቢዎች ተዘግቷል። «ሳይኮሎጂስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በአገሪቱ የሥነ ልቦና ቦርድ ያልተመዘገበ ሰው አይጠራበትም። በፍርድ ቤት ጉዳዮች ላይ የሚሠራው ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት ለመባልማ ከዚያም በላይ ተጨማሪ ሥልጠና አለ። እኔና እርሷ ስንደምረው ሁለቱንም ሙያ በሙሉ ለመያዝ ስምንት ዓመት አልፎ ይሄዳል።

በምረቃ ቀን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሁለት ወረቀት ትይዛለች፤ ጠበቃም ሳይኮሎጂስትም ግን ገና አይደለችም። ለአባትየው ይህን የነገርኩት እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ለምን ሁለት ይሉታል?» አለ። እውነቱን ነው።

ገንዘቡም ይታሰብበት። ዜጎች ከመንግሥት ጋር ወጪውን ተጋርተው ይማራሉ፤ የእነርሱን ድርሻም መንግሥት አበድሯቸው ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል ይቀንሳል። ብድሩ ወለድ ባይኖረውም በየዓመቱ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ለውጥ ሕግ ከፍተኛው የክፍያ ደረጃ ውስጥ ገባ፤ በዚያ ዓመት ለአንድ ዓመት የሕግ ትምህርት የተማሪው ድርሻ 14,500 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ጨምሯል። ክፍያው በየኮርሱ ስለሆነ የሥነ ልቦናው ክፍል ይቀላል። ሆኖም አምስት ዓመት አምስት ዓመት ነው። ደግሞ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥምር አይሰጥም። ለምሳሌ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሕግን የሚያስተምረው የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዙ ብቻ ነው። በዚያ ቤት መማር የሚፈልግ ሥነ ልቦናውን መጀመሪያ ጨርሶ ወደ ሕጉ ይሄዳል። ይህም መጥፎ መንገድ አይደለም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ሁለቱንም እንዲመርጥ አይገደድም።

እኛ አገር ይህ ዓይነት የተቀናጀ ፕሮግራም የተለመደ አይደለም። አንዱን በቀን፣ ሌላውን በማታ የሚማሩ ብርቱ ወጣቶችን ግን አውቃለሁ። ሁለቱን የሚያገናኝላቸው አስተማሪ ስለሌለ ድልድዩን ራሳቸው ነው የሚሠሩት።

የእህቴ ልቅሶ

እህቴን ማናገር ከሁሉ ከበደኝ። «አንቺ የአገልጋይ ሚስት ሆነሽ እንዴት ሥነ ልቦና ተማሪ ትያታለሽ?» አለችኝ።

ፍርሃቷን አልናቅሁም። ሰውን ሁሉ በልጅነት ቁስሉና በአንጎሉ ብቻ የሚተረጉሙ፣ ለኃጢአትም ለጸጋም ቦታ የሌላቸው ጸሐፊዎች አሉ። ነገር ግን ልጅቱ በመጀመሪያው ዓመት ምን እንደምትማር ዝርዝሩን ልካልኝ አብረን አየነው። አብዛኛው ስለ አንጎል አሠራር፣ ስለ ማስታወስ፣ ስለ ልጆች እድገት፣ ስለ ሙከራ አሠራር ነው። ከሁሉ የሚበዛውና ተማሪውን የሚያስለቅሰው ደግሞ ስታትስቲክስ ነው። ፍሮይድ የሚባለው የምትፈሪው ሰው አንድ ምዕራፍ እንኳ በቅጡ አልደረሰውም አልኳት። ሳቀች፤ አልተረታችም ግን።

ያኔ ነው የካውያውን ነገር የነገርኳት። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥጋ ዘመዴ መናገሬ ነበር። ጸልዬ ነበር የገባሁት፤ ልጅቱን ከልቤ እወዳት ነበር፤ የጎደለኝ ፍቅርም ጸሎትም አይደለም፤ ልጅን እንዴት መጠየቅ እንዳለብኝ ማወቅ ነው የጎደለኝ አልኳት። እህቴ አልመለሰችልኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ያቺ ልጅ አሁን የት ናት?» አለች። ከእናቷ ጋር ሌላ ከተማ እንዳለች፣ ትምህርቷንም እንደምትከታተል ነገርኳት። በማግሥቱ ልጅቱ ምርጫዋን ሳትቀይር መተዋን በመልእክት አሳወቀችኝ።

እኔ ለልጅቱ ያልኳት ይህ ነው፦ ለሁለት ዲግሪ ብለሽ ከሆነ ተይው፤ አንዱን በደንብ ተማሪ። አባትሽን ለማስደሰት ከሆነም ተይው፤ ከሁለተኛው ዓመት በላይ አያስኬድሽም። በምስክር ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ለመረዳት ከሆነ ግን ሁለቱም ያስፈልጉሻል።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳለች። ኦነርሱን ትቀጥል ወይስ ወደ ሕጉ ታዘነብል ገና አልወሰነችም፤ እኔም አልጎተጉታትም። በሕጉ ከሁሉ የወደደችው የማስረጃ ሕግን ነው። በቪክቶሪያ በፖሊስና በፍርድ ቤት ሕፃናትና የአእምሮ እክል ያለባቸው ሰዎች ጥያቄው እንዲገባቸው የሚያግዙ ባለሙያዎች የሚመደቡበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ2018 በሙከራ ተጀምሯል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ነው የሚስባት። የሐበሻ ልጆችን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እዚያ እንደሚያስፈልግ ትናገራለች። አማርኛዋ ግን መሻሻል ያስፈልገዋል፤ ይህን ደጋግሜ ነግሬአታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደውላ ልምምድ እንዳለባት ነገረችኝ። አንድን ሰው ሳይመሩ፣ ሳያቋርጡ፣ «አይደል?» ሳይሉ ስለ አንድ ቀን ውሎው ማናገር ነው። «በአማርኛ ልሞክረው፤ ዝም ብለሽ መልሽልኝ» አለች።

«ትናንት ጠዋት ከተነሣሽበት ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ» አለችና ዝም አለች።

ቡና ማፍላቴን፣ የጎረቤት ለቅሶ መሄዴን ነገርኳት። ጨረስኩ ስል አሁንም ዝም አለች። ከዚያ «ከዚያስ?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ለካ ያልነገርኩት ብዙ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁላት።